ከአዲስ አበባ ሀዋሳ በብስክሌት፦ የቡድን ጉዞ የመጀመሪያ 3 ቀናት እንዴት ይጀመራል?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ባቱ (ዝዋይ) ደግሞ 1,640 ሜትር ገደማ። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ 700 ሜትር ይወረዳል ማለት ነው። ጀማሪ ቡድን የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ቁልቁለቱ የሰጠውን ፍጥነት የእግሩ ጉልበት አድርጎ ይቆጥርና ይሮጣል። ከባቱ በኋላ ወደ አርሲ ነገሌ 400 ሜትር ያህል መልሶ መውጣት ሲመጣ ግን ጉልበቱ አልቋል፣ መቀመጫው ቆስሏል። ስለዚህ የ3ቱ ቀናት ዋና ሥራ ራስን መያዝ ነው።

ከመነሳት አንድ ሳምንት በፊት

የሁሉም ብስክሌት ጎማ መጠን አንድ ይሁን። 26 ኢንች በየከተማው በቀላሉ ስለሚገኝ እሱን ምረጡ። የውስጥ ጎማው አፍ (ቫልቭ) እንደ መኪና ወፍራም ይሁን፤ ቀጭኑ አፍ የጎሚስታ መንፊያ አይገጥምለትም። ለ2 ሰው 3 ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ለቡድኑ አንድ የውጭ ጎማ፣ 2 የእጅ መንፊያ፣ የጎማ መለጠፊያ፣ የሰንሰለት መፍቻ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ያዙ። የኋላ ጎማ ሽቦም (ቸርኬውን ከመሀሉ ጋር የሚያያይዘው) በትክክለኛው ርዝመት 4 ያህል ይኑራችሁ፤ ጭነቱ ያለው ከኋላ ስለሆነ የሚሰበረውም በአብዛኛው የኋላው ነው።

ኮርቻውን ለማስተካከል ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ቀጥ ማለት አለበት። በመንገድ ላይ ጉልበት ከፊት ካመመ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ ካመመ ከፍ ብሏል። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አታንቀሳቅሱት።

የአንድ ሰው ጭነት ከ12 ኪሎ አይብለጥ። ከባዱ ዕቃ ታች ይግባ፣ ግራና ቀኙም እኩል ይሁን። ከዚያ ጭነቱን እንዳለ አስራችሁ 30 ኪሎ ሜትር ሞክሩ። ይህን ሙከራ የሚዘል ቡድን የዕቃ መጫኛው ብሎን መላላቱን የሚያውቀው አቃቂ ላይ፣ በከባድ መኪና መሀል ነው።

1ኛ ቀን፦ አዲስ አበባ – ቢሾፍቱ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ

የአዳማው የፍጥነት መንገድ ብስክሌት አያስገባም። የምትሄዱት በአሮጌው መንገድ፣ በቃሊቲ፣ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም ነው። የጭነት መኪና ስለሚበዛበት እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልክ እንደነጋ ተነሱ። የመንገዱን ወቅታዊ ሰላም ባለፈው ሳምንት የተጓዙ ሾፌሮችን ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ከ8 ሰው በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉና 300 ሜትር ያህል ተራራቁ፤ መኪና በመሀል ገብቶ ማለፍ ይችላል። በአንድ መስመር ሂዱ፣ ከፊታችሁ ካለው ጎማ 2 ሜትር ራቁ። የፊት ጎማችሁ ከሌላው የኋላ ጎማ ጎን ከገባ፣ እሱ ጉድጓድ ለመሸሽ ትንሽ ዘወር ሲል የምትወድቁት እናንተ ናችሁ። መሪው «ጉድጓድ!»፣ «ጋሪ!» እያለ ይጣራ፤ ቃሉ እየተቀባበለ እስከ ጭራው ይድረስ። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ ቀርፋፋው ነው። ጎን ለጎን የሚሄዱ ያህል ማውራት ካልቻላችሁ ፍጥነቱ በዝቷል። መሣሪያና የመጀመሪያ ርዳታ ቦርሳ ከጭራው ሰው ጋር ይሁን፤ ከፊት ካለ ዕቃው ለተበላሸበት ሰው አይደርስም። በየመታጠፊያው መሪው ጭራው እስኪደርስ ይቆማል።

ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁላችሁም ቆማችሁ ብሎኖቹን በእጅ ነካኩ።

ቢሾፍቱ ከቀትር በፊት ትደርሳላችሁ፤ «ሞጆ እንግባ» የሚል አይጠፋም። እምቢ በሉት።

2ኛ ቀን፦ ቢሾፍቱ – መቂ፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ

ረጅሙ ቀን ይህ ነው። ከሞጆ በኋላ መንገዱ ሜዳ፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው። ለሰው ቢያንስ 4 ሊትር ውሃ አስቡ፤ ሲጠማ ሳይሆን በየ15 ደቂቃው ጎንጨት በሉ። ውሃ ብቻ ግን አይበቃም፤ በላብ ጨው ይወጣል። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ለምግብ ከበሶ የሚሻል የለም። ጠዋት በስኳርና በቁንጥር ጨው የተበጠበጠ በሶ፣ በየሰዓቱ ሙዝ ወይም ዳቦ፣ በኪስ ቆሎ። ጥብስና ክትፎ ማታ ይሁን፤ ቀትር ላይ የተበላ ሥጋ ሆድ ውስጥ ይከብዳል።

ለማረፍ ከአስፋልት ስትወጡ ብስክሌቱን ተሸከሙት። ከግራሩ ሥር የወደቀ እሾህ ጎማ ይበሳል። የተበሳ ጎማ ከቀየራችሁ በኋላ የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣት ዳስሱ፤ እሾሁ እዚያው ከቀረ አዲሱንም በ5 ደቂቃ ይበሳዋል።

3ኛ ቀን፦ መቂ – ባቱ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ

አጭር ያደረግነው ሆን ብለን ነው። የመቀመጫ ቁስል የሚብሰው በዚህ ቀን ነው። ከብስክሌት ቁምጣ ሥር የውስጥ ሱሪ አይለበስ፤ ስፌቱ ይፈትጋል። ቁምጣውን በየማታው በሳሙና እጠቡ፣ የሚፋተገውን ቦታ ቫዝሊን ቀቡ። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ (ከውሃው በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ) አለበት። ወባም ስላለ በአጎበር ተኙ።

ከሰዓት በኋላ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠርጋችሁ ቀለል ያለ ዘይት ስጡት፣ ትርፉን መልሳችሁ ጥረጉ፤ ዘይት የበዛበት ሰንሰለት አቧራ ይሰበስባል። ከዚያ ሁሉም ሻንጣውን መሬት ላይ ይዘርግፍ። በ3 ቀን ውስጥ አንዴም ያልተነካ ልብስና ዕቃ (ከመድኃኒት፣ ከመሣሪያና ከዝናብ ልብስ በቀር) በአንድ ማዳበሪያ ታስሮ በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ይመለስ። የነገው አቀበት በኪሎ የሚከፈል ነው።