«ቤትዎን እናድናለን» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ምን ማድረግ ይገባል?

የቤት ክፍያው ሁለት ወር የዘገየበት ሰው የፖስታ ሳጥኑን መክፈት ይፈራል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ቀን አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሥራ እየሠሩ የገዙት ቤት አንድ ሕመም ወይም አንድ የሥራ ቅነሳ ሲመጣ አደጋ ላይ ይወድቃል። ጭንቀቱን ለወንድም ወይም ለዕድር ጓደኛ መናገር ደግሞ ነውር ይመስለናል፤ «ቤቱን ሊወስዱበት ነው» መባልን እንፈራለን። የሞርጌጅ (የቤት ብድር) አጭበርባሪ የሚገባው በዚህ ዝምታ በኩል ነው። ችግርዎን ከቤተ ዘመድ ቀድሞ ያውቃል፤ አንዳንዴም በገዛ ቋንቋዎ «አይዞዎት፣ እኔ አለሁ» ብሎ ይመጣል።

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ቤት በብድር ገዝተው ለሚኖሩ ሁሉ ነው። ክፍያዎ አንድም ቀን ዘግይቶ የማያውቅ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ለእርስዎም የተዘጋጀ ወጥመድ አለ።

1. ደብዳቤውን ቁጭ ብለው ያንብቡ

ፖስታው የመንግሥት ይመስላል። ንስር ያለበት ማኅተም፣ በቀይ ቀለም «የመጨረሻ ማስታወቂያ» የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ የአበዳሪዎ ስምና የተበደሩት ገንዘብ መጠን። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ «ባንኩ ካልላከው ብድሬን በምን አወቀ?» ይላል። ነገሩ ምስጢር አይደለም። ቤቱን ሲገዙ የፈረሙት የመያዣ ሰነድ በካውንቲው መዝገብ ቤት ይመዘገባል፤ መዝገቡም ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። የአበዳሪው ስም፣ የብድሩ መጠንና የተፈረመበት ቀን እዚያ ሰፍሯል። እንደ ሜሪላንድ የፎርክሎዠር (ክፍያ ሲቋረጥ አበዳሪው ቤቱን ወስዶ የሚያሸጥበት ሂደት) ጉዳይ በፍርድ ቤት በኩል በሚያልፍበት ግዛት ደግሞ መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ ስምዎን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ደብዳቤዎቹ በአንድ ጊዜ እንደ ጎርፍ የሚመጡት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ገጹ ግርጌ ይውረዱ። በደቃቅ ፊደል «ከአበዳሪዎ ጋር ግንኙነት የለንም» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ ተሸጉጦ ይገኛል። ቢኖርም ባይኖርም ደብዳቤው ላይ ወዳለው ስልክ አይደውሉ።

ነገር ግን ሁሉንም ደብዳቤ አንድ ላይ ጠቅልለው አይጣሉ። ከእነዚያ መካከል እውነተኛው ሊኖር ይችላል። በሜሪላንድ ለምሳሌ የፎርክሎዠር መዝገብ ከመከፈቱ ቢያንስ 45 ቀን በፊት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊደርስዎ ይገባል፤ ከእርሱም ጋር የእርዳታ ማመልከቻ ቅጽ አብሮ ይላካል። ያን ፖስታ ሳይከፍቱ መጣል ትልቅ ዕድል መጣል ነው።

2. መጀመሪያ የሚደውሉት ለሰርቪሰሩ ነው

ክፍያዎን በየወሩ የሚሰበስበው ድርጅት ሰርቪሰር ይባላል። ያበደረዎት ባንክ ራሱ ላይሆን ይችላል። ስልኩን በየወሩ ከሚደርስዎ የሂሳብ መግለጫ ላይ ያገኙታል።

ጊዜ እንዳለዎት ይወቁ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ የሚኖሩበት ቤት ክፍያ በመዘግየቱ ብቻ ሰርቪሰሩ የፎርክሎዠር ሂደት መጀመር የሚችለው ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ከዘገየ በኋላ ነው። አጭበርባሪው «ነገ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል» የሚለው እርስዎ ይህን እንዳያስቡ ነው። የተሟላ የእርዳታ ማመልከቻ ሐራጁ ከሚካሄድበት ቀን ከ37 ቀን በላይ አስቀድመው ካስገቡ ደግሞ አብዛኞቹ ሰርቪሰሮች በ30 ቀን ውስጥ መርምረው በጽሑፍ መመለስ አለባቸው። ሊሰጥዎ የሚችለው እርዳታ ብዙ ዓይነት ነው፤ የብድሩን ውል ማሻሻል፣ ለተወሰኑ ወራት ክፍያውን ማቆም ወይም መቀነስ፣ የዘገየውን ከወርሃዊው ጋር እየጨመሩ መክፈል። «ሎን ሞዲፊኬሽን» (የብድር ውል ማሻሻያ) እያሉ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቁበት ነገር እርስዎ ራስዎ ያለ ምንም ክፍያ የሚያመለክቱት ነው።

አንድ ደብተር ይያዙ። የደወሉበትን ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገረዎትን ሰው ስም፣ የተባለውን ይጻፉ። ማመልከቻውን ሲልኩ ቅጂውን ያስቀሩ። ከሦስት ወር በኋላ «ወረቀትዎ አልደረሰንም» የሚል መልስ ሲመጣ የሚያስጥልዎት ይህ ደብተር ነው።

3. ነፃ አማካሪ ያግኙ

የአሜሪካ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ ብዙዎቻችን ሃድ የምንለው፣ እውቅና የሰጣቸው የቤት አማካሪዎች በየግዛቱ አሉ። ቤቱን ሊያጣ ለተቃረበ ሰው የሚሰጡት ምክር በነፃ ነው። ቅጹን አብረውዎት ይሞላሉ፤ ለሰርቪሰሩም አብረውዎት ይደውላሉ። በስልክ ቁጥር 800-569-4287 በአቅራቢያዎ ያለውን አማካሪ ማግኘት ይቻላል፤ በ888-995-4673 ደግሞ የፎርክሎዠር አማካሪ ያነጋግራሉ።

እንግሊዝኛ ካስቸገረዎት ከሰላምታው ቀጥሎ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብለው ይጠይቁ። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ በብዛት ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ስለ ቤት ዕዳ ማስተርጎም ልጁንም ያስጨንቃል፣ ቃሉም ይሳሳታል።

4. ሥራው ሳይሠራ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ

ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን እንዳይረሱ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣውና ክልከላው ከጥር 31 ቀን 2011 ጀምሮ በጸናው ደንብ፣ «ከአበዳሪዎ ጋር ተደራድሬ ብድርዎን አስተካክላለሁ» የሚል ድርጅት አበዳሪው በጽሑፍ ያቀረበውን ስምምነት አምጥቶ እርስዎ እስኪቀበሉት ድረስ አንድ ሳንቲም መቀበል አይችልም። ገንዘቡን «የማመልከቻ»፣ «የፋይል መክፈቻ» ወይም «የብድር ኦዲት» ቢለው ያው ነው። ይኸው ደንብ «ከባንኩ ጋር አይነጋገሩ» ብሎ ማዘዝንም ይከለክላል። «ስልክ አያንሱላቸው፣ ሁሉን ለእኔ ይተዉት፣ የወሩን ክፍያም ለእኔ ይላኩ» የሚልዎትን ሰው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም በአንድ መስጊድ አብራችሁ የምትሰግዱ ቢሆን እንኳ፣ በዚያው ቀን ከእርሱ ይለዩ።

ጠበቃ በተወሰነ ሁኔታ ቅድሚያ መቀበል ይፈቀድለታል። ነገር ግን እርስዎ በሚኖሩበት ወይም ቤቱ ባለበት ግዛት ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ ገንዘቡንም በደንበኛ አደራ ሂሳብ ያስቀምጣል። ፈቃዱን ከግዛቱ የጠበቆች መዝገብ ማረጋገጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። «ቢሯችን ውስጥ ጠበቃ አለ» የሚባለው፣ እርስዎ ግን ጠበቃውን ዓይተውት የማያውቁበት ነገር ከዚህ አይቆጠርም።

5. ቤቱን የሚያስረክብ ፊርማ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ገንዘብ ቢበላ ይተካል፣ ይህ ግን ቤቱን ራሱን ይወስዳል።

እንዲህ እንበል። ሰውየው ምሽት ላይ ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ይዞ ቤትዎ ይመጣል። ቡና ተፈልቶለታል። «የእርስዎ ክሬዲት ተበላሽቷል፣ የእኔ ጥሩ ነው፤ ቤቱ ለጊዜው በእኔ ስም ይሁን፣ በዝቅተኛ ወለድ እበደርበታለሁ፣ እርስዎ እንደ ተከራይ እየከፈሉኝ ይቆያሉ፣ በዓመቱ ይመለስልዎታል» ይላል። ከዚያ ወረቀቶች ይዘረጋል፤ ቢጫ ተለጣፊ በተለጠፈበት ቦታ ሁሉ ይፈርሙ ይላል። ከወረቀቶቹ መካከል አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ የማይበልጥ፣ «ኩዊትክሌም ዲድ» ወይም በቀላሉ «ዲድ» (የቤት ባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ) የሚል ርዕስ አለው። ሌላው ሁሉ ማጀቢያ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ይህ ነው።

ዲድ በእጅዎ ሲገባ ሁለት ቃላት ይፈልጉ። «ግራንተር» የሚለው ሰጪው ነው፤ «ግራንቲ» የሚለው ተቀባዩ። ከመጀመሪያው አጠገብ የእርስዎ ስም፣ ከሁለተኛው አጠገብ የሰውየው ወይም የድርጅቱ ስም ካለ ቤትዎን እየሰጡ ነው። በሪፋይናንስ (ነባሩን ብድር በአዲስ ብድር በመተካት) ጊዜ የሚፈረመው የመያዣ ሰነድም ስምዎን በሰጪነት ሊያሰፍር ስለሚችል፣ ቃሉን በማየት ብቻ አይወስኑ፤ ያልገባዎትን ሰነድ ለጠበቃ ወይም ለቤት አማካሪ ሳያሳዩ ግን በፍጹም አይፈርሙ። ኖተሪው የሚመሰክረው የፈረሙት እርስዎ መሆንዎን እንጂ ውሉ ደግ መሆኑን አይደለም።

ዲዱ ከተላለፈ በኋላ የሚሆነውን ያስቡ። ቤቱ የሌላ ሰው ሆኗል፤ ዕዳው ግን አሁንም በእርስዎ ስም ነው። ሰውየው ኪራይዎን ይቀበላል፣ ባንኩን አይከፍልም፤ ወይም በቤቱ ላይ አዲስ ብድር ወስዶ ይጠፋል። ክፍት ቦታ ያለበትን ወረቀት መፈረምም ያው አደጋ አለው፤ ባዶው በኋላ ይሞላል።

6. «ብድርዎ ተዛውሯል፣ ከእንግዲህ ለእኛ ይክፈሉ»

ብድር ከሰርቪሰር ወደ ሰርቪሰር መዛወሩ የተለመደ ነው። እውነተኛ ከሆነ ግን የድሮው ሰርቪሰር ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ያሳውቅዎታል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ ያሳውቃሉ። ስለዚህ ወደ ድሮው ደውለው ይጠይቁ። በስህተት ለድሮው ከፍለው ከሆነ አይደንግጡ፤ ከተዛወረ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ በጊዜው ለድሮው የተላከ ክፍያ እንደ ዘገየ አይቆጠርም።

7. ክፍያዎ ላልዘገየ

ሪፋይናንስ ሊያደርጉ ወይም አዲስ ቤት ሊገዙ ከሆነ የብድር ደላላውን የኤንኤምኤልኤስ (የቤት ብድር ባለፈቃዶች አገር አቀፍ መዝገብ) ቁጥር ይጠይቁ። ፈቃድ ያለው ሁሉ ቁጥር አለው፤ በኢንተርኔት በነፃ ይመረመራል። የአገር ልጅነቱ የቁጥሩን ቦታ አይተካም።

ከክሎዚንግ (የቤቱ ግዢ ወይም ብድር ተፈርሞ ከሚጠናቀቅበት ቀን) በፊት ባለው ቀን «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል፣ ገንዘቡን ወደዚህ ላኩ» የሚል ኢሜይል ሊመጣ ይችላል። የኢሜይሉ አድራሻ ከሚያውቁት በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል። ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ቀድሞ በእጅዎ በነበረው ቁጥር ደውለው በድምፅ ያረጋግጡ። ልከው ከሆነ በዚያው ሰዓት ባንክዎ ዝውውሩን እንዲያስቆም ይጠይቁ፤ ለኤፍቢአይም የኢንተርኔት ወንጀል ክፍል ያመልክቱ። እዚህ ላይ ልዩነት የሚያመጣው ሰዓት ነው።

8. ቀድሞ ፈርመው ከሆነ

አይደበቁ። በሚኖሩበት ቤት ላይ ሪፋይናንስ ወይም የቤት ዋስትና ብድር ፈርመው ከሆነ፣ በብዙ ሁኔታ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት በጽሑፍ ውሉን የመሰረዝ መብት አለዎት። ቅዳሜ ይቆጠራል፤ እሑድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም። ይህ መብት ቤት ለመግዛት ለተወሰደ ብድር አይሠራም።

ዲድ ፈርመው ከሆነ ቤቱ ለሦስተኛ ወገን ከመሸጡ በፊት ወደ ጠበቃ ይሂዱ። መክፈል ካልቻሉ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በነፃ የሚሠሩ የሕግ ድጋፍ ቢሮዎች በየግዛቱ አሉ። ለግዛትዎ ዋና ዐቃቤ ሕግ፣ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በ877-382-4357 ያመልክቱ። ወደ ጠበቃው ሲሄዱ የፈረሙትን ሁሉ፣ የከፈሉበትን ቼክ ወይም ደረሰኝ፣ የተለዋወጡትን የስልክ መልእክት፣ ያን ደብተርዎንና የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከነፖስታው ይያዙ፤ በፖስታው ላይ ያለው ማኅተም የተላከበትን ቀን ያሳያልና።