ጠበቆችን ለሕፃናት ጥበቃ ጉዳዮች አስማሚነት እንዴት ማሠልጠን ይቻላል? የቴክሳስ አሠራር

በአሜሪካዋ ቴክሳስ አንድ ልጅ በጥቃት ወይም በቸልተኝነት ምክንያት ከቤቱ ተወስዶ በመንግሥት ጊዜያዊ ጥበቃ ሥር ሲውል፣ ፍርድ ቤቱ ወላጆቹን፣ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱንና የልጁን ጠበቃ አስማሚ (ወገኖቹ ራሳቸው እንዲስማሙ የሚረዳ ገለልተኛ ሰው) ፊት ቀርበው እንዲነጋገሩ ሊያዝ ይችላል። ጥሩ ተከራካሪ የሆነ ጠበቃ ሁሉ ግን ጥሩ አስማሚ አይሆንም፤ ሥልጠናውም ከዚህ እውነት መነሳት አለበት።

በመጀመሪያ የሕጉን መስፈርት አሟሉ። ፍርድ ቤት የሚሾመው አስማሚ በመደበኛነት ቢያንስ የ40 ሰዓት የክፍል ሥልጠና መውሰድ ይጠበቅበታል፤ ክርክሩ የወላጅና የልጅ ግንኙነትን የሚመለከት ሲሆን ደግሞ በቤተሰብ ግንኙነት፣ በልጅ እድገትና በቤተሰብ ሕግ ላይ የ24 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ ከዚህም ቢያንስ 4ቱ ሰዓት በቤተሰብ ውስጥ ጥቃት ላይ ያተኩራል።

ቀጥሎ ወላጆችን የሚያስጨንቀውን የጊዜ ገደብ አስተምሩ። ጉዳዩ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ለፍርድ ካልቀረበ ይዘጋል፤ ፍርድ ቤቱ በመደበኛነት ሊያራዝመው የሚችለውም እስከ 180 ቀን ነው። የወላጅነት መብት የሚሻረው በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ እንደሆነ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. ወስኗል። አንዲት እናት ለመሥሪያ ቤቱ መብቷን በፈቃዷ ለመልቀቅ የምትፈርመው ቃለ መሐላ ደግሞ የማይሻር መሆኑን ሠልጣኙ በቃሉ ሊያውቀው ይገባል።

አብዛኛውን ጊዜ ለተግባር ልምምድ መስጠት ተገቢ ነው እላለሁ። ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለመላቀቅ ሕክምና ላይ ያለች ወጣት እናት፣ ልጁን ልውሰድ የምትል አያት፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛና የልጁ ጠበቃ ያሉበት ጉዳይ አዘጋጁና እያንዳንዱ ጠበቃ በተራው አስማሚ፣ በተራው እናት ይሁን፤ ምክንያቱም ጠበቆችና ባለሙያዎች በሞሉበት ክፍል ልጇን ላለማጣት ብቻዋን የምትነጋገር ሴት የሚሰማት ጫና በንግግር ብቻ አይገባም። አንድ ታዛቢ አስማሚው ምክር የሰጠበትን፣ መልሱን አስቀድሞ የገመተበትንና ዝምታን መታገሥ ያቃተውን ቅጽበት ሁሉ ይመዝግብ፤ ከልምምዱ በኋላ የሚደረገው ውይይትም በዚህ መዝገብ ላይ ይመሥረት።

ጥቃት የነበረበትን ቤተሰብ አስቀድሞ መለየትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሠልጣኙ እያንዳንዱን ወገን ለየብቻ መጠየቅን፣ በተለያዩ ክፍሎች ማነጋገርን፣ አንዱ ወገን በፍርሃት እየተስማማ መሆኑን ሲያይም ሂደቱን ማቆምን ይለማመድ።

በዳላስ አካባቢ እንደሚኖሩት ያሉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ሲቀርቡ ብቁ አስተርጓሚ ይኑር፤ ዘመድ ወይም ልጅ ከቶ አያስተርጉም። በአገራችን የሽምግልና ልማድ ያደገ ወላጅ ሽማግሌው አመዛዝኖ ሐሳብ እንዲሰጠው ሊጠብቅ ስለሚችል፣ አስማሚው የመፍረድም ሆነ የማስገደድ ሥልጣን እንደሌለው ከመነሻው በግልጽ ቋንቋ ማስረዳትን ሠልጣኙ ይማር።

በመጨረሻ የስምምነት አጻጻፍን አስተምሩ። በቴክሳስ የቤተሰብ ሕግ ስምምነቱ የሚጸናው የማይሻር መሆኑ ጎልቶ ሲጻፍበት፣ ተዋዋይ ወገኖች ሲፈርሙበት፣ ሲፈረም ጠበቆቻቸው ካሉም እነርሱ ሲፈርሙበት ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ ሰነዱን ከፊርማ በፊት አንቀጽ በአንቀጽ ጮክ ብሎ ማንበብንና እናቲቱ የተረዳችውን በራሷ ቃል እንድትናገር መጠየቅን ይለማመድ፤ ብቻውን ጉዳይ ከመያዙም በፊት ልምድ ካለው አስማሚ ጎን ተቀምጦ እውነተኛ ጉዳዮችን ይከታተል።