ታይገር ሞዝን በ1፡20 መጠን ከፎምና ከካርቶን መሥራት

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1931 መጀመሪያ የበረረው ታይገር ሞዝ፣ ብዙ ሲቪል አብራሪዎች በረራ ሀ ብለው የጀመሩበት ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ነው። ለትምህርት ቤት ክበብ ከዚህ የተሻለ ሞዴል የለም።

የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 8.94 ሜትር፣ ርዝመቱ 7.29 ሜትር ነው። ሞዴሉ 44.7 እና 36.5 ሴ.ሜ ይሆናል። አራት ኪሎ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚያትሙት ኤ3 ወረቀት 42 ሴ.ሜ ብቻ ስለሆነ የግማሹን ክንፍ ንድፍ አሳትማችሁ ለሌላው ወገን ገልብጡት። ከሱቁ ሳትወጡ በማስመሪያ ለኩ፤ ማተሚያው ንድፉን በራሱ ያሳንሰዋል።

አካሉ ቀጭን ካርቶን፣ ክንፉ 5 ሚ.ሜ ፎም ይሁን። ማስቲሽ ፎም ይበላል፤ በነጭ ኮላ ብቻ አጣብቁ። ክንፉን ወረቀት ስታለብሱ ሁለቱንም ፊት አንድ ላይ አልብሱ፤ አንዱን ብቻ ካለበሳችሁ ሲደርቅ ይጎብጣል። መጽሐፍ ጭናችሁ አሳድሩት፤ በክረምት ሁለት ሌሊት ይፈልጋል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ክንፉን ቀጥ አድርጎ በመሥራት ነው። የፊተኛው መቀመጫ ከላይኛው ክንፍ ሥር ስለነበር ፓራሹት የታጠቀ አስተማሪ በቀላሉ መውጣት አይችልም ነበር። ስለዚህ የላይኛውን ክንፍ መሃል ወደ ፊት አመጡት፤ ሚዛኑ እንዳይዛባ ደግሞ ጫፎቹን ወደ ኋላ ሳቡ። በሞዴሉ ላይ ጫፎቹ 2 ሴ.ሜ ያህል ወደ ኋላ ይሂዱ። የታችኛው ክንፍ ጫፍ 1.5፣ የላይኛው 1 ሴ.ሜ ያህል ከፍ ይበል። የነዳጁ ታንክ የላይኛው ክንፍ መሃል ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ አንድ ድርብ ካርቶን ጨምሩ። ኤለሮን (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለው፣ ከክንፉ ኋላ ያለ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ያለው የታችኛው ክንፍ ብቻ ነው፤ ላይኛው ላይ አትሣሉ። ሞተሩ ሲሊንደሮቹ ወደ ታች የተገለበጠ ስለሆነ ፕሮፔለሩ ከአፍንጫው መሃል ከፍ ብሎ ይተከላል።

መጀመሪያ የታችኛው ክንፍ ከአካሉ ጋር ይድረቅ። ከዚያ በየወገኑ ሁለት ሁለት የቀርከሃ ስንጥቅ አቁሙ፤ መሃል ላይ አራት አጫጭር ጨምሩና የላይኛውን ክንፍ ጫኑ። በእውነተኛው አውሮፕላን ክንፎቹን የሚወጥረውን ሽቦ የሚተካው ክር ናይለን ይሁን። አንዱን ወገን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ እያላችሁ ወጥሩ። ካልሆነ ክንፉ ይጠመዘዛል፤ ኮላው ከደረቀ በኋላ ደግሞ አይቃናም። እያንዳንዱን ክር ከመቋጠራችሁ በፊት ከጭራው በኩል ሆናችሁ አራቱን የክንፍ ጫፎች አስተያዩ።