ቴክኖ በሸክላ፦ ዲጄዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ሸክላ እየገዛ ቴክኖ (በማሽን የሚሠራ የዳንስ ሙዚቃ) የሚያጫውት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጆሮው ጥሩ ነው። ሥራ የሚያሳጣው የሙዚቃ ምርጫው ሳይሆን ከመጀመሪያው ሸክላ በፊት ያለው ሰዓት ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ማጫወቻውን ሳይፈትሹ መጀመር

ከሁሉም የሚያበሽቀው ይህ ነው። ቤቱ ሞልቶ፣ ከፊት ያለው ዲጄ ሊጨርስ ሲል ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከች የሚል ሰው ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ዛሬ አብዛኛው ክለብ የሚሠራው በሲዲጄ (በዲጂታል ማጫወቻ) ነው። ሸክላ ማጫወቻዎቹ አቧራ ሲጠጡ፣ አንዳንዴም የብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነው ይከርማሉ። በ1979 የወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 እስከ ዛሬ በየክለቡ የሚገኘው ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ ጠንካራ ማለት ግን ጤነኛ ማለት አይደለም።

በሩ ሳይከፈት፣ የድምፅ ባለሙያው እዚያው ሳለ ድረሱ። መርፌውን የሚይዘውን ክንድ በጣት ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ወዲያ ወዲህ ነካ ነካ አድርጉት፤ ከተንቀጫቀጨ መጋጠሚያው ላልቷል፣ ሌላ ማጫወቻ ጠይቁ። በሚዞረው ሳህን ጠርዝ ላይ አራት የነጥብ ረድፎች አሉ፤ ፒቹ (የፍጥነት ማስተካከያው) በመቶኛ +6፣ +3.3፣ 0 እና -3.3 ላይ ሲሆን የየራሳቸው ረድፍ በስትሮብ መብራቱ ፊት ቆሞ መታየት አለበት። ነጥቦቹ ከተንሸራተቱ የፒቹን ቁጥር አትመኑት። አንዱ ስፒከር ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሄድሼሉ (የመርፌው መያዣ) ከክንዱ ጋር የሚገናኝባቸው አራት ትንንሽ ነጥቦች መቆሸሽ ነው፤ አልኮል የነካ ጥጥ ይበቃቸዋል። የማያቋርጥ እምምታ ከተሰማ የኧርዝ ሽቦው የማጫወቻዎቹን ድምፅ ከሚያቀላቅለው ሚክሰር ጀርባ ተነቅሏል ማለት ነው። ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ቀጭን ከሆነ ደግሞ የሚክሰሩ ማብሪያ ከፎኖ (ከሸክላ ማጫወቻ መግቢያው) ይልቅ ላይን (የሌሎች መሣሪያዎች መግቢያ) ላይ ተትቷል።

ዋናው ፍተሻ ግን ይሄኛው ነው፤ ማንም አያደርገውም። ሞተሩን አጥፉ፣ መርፌውን በቆመ ሸክላ ላይ አሳርፉ፣ ፌደሩን (የሚክሰሩን የድምፅ መግፊያ) ክፈቱ፣ ከዚያ ድምፁን ሌሊት ወደሚደርስበት ከፍታ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ከታች የሚያጉረመርም ነገር ተነስቶ እየበረታ ከሄደ ማጫወቻው የስፒከሩን ንዝረት መልሶ እየለቀመ ነው። መርፌ ከሸክላው ቦይ የመጣውን ንዝረት ከጠረጴዛው ከመጣው አትለይም። ቴክኖ ደግሞ ጉልበቱ ያለው እዚያው ታች፣ ቤዙ ላይ ነው። ጀማሪው ይህ ሲገጥመው የሚክሰሩን ቤዝ ይቀንስና ሌሊቱን ሙሉ አጥንት የሌለው ሙዚቃ ያጫውታል። ታዳሚው መሣሪያው ተበላሽቶ ነው አይልም፤ ልጁ አይችልም ነው የሚለው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በእያንዳንዱ ማጫወቻ ሥር ከባድ የኮንክሪት ንጣፍ፣ ከንጣፉ ሥር ለሁለት የተቆረጡ የጎማ ኳሶች ወይም በግማሽ የተነፋ ትንሽ ከመነዳሪ። ንጣፉ ይከብዳል፣ ጎማው ያለዝባል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ሞኒተሮቹ (ዲጄው ራሱን የሚሰማባቸው ስፒከሮች) በዚያው ጠረጴዛ ላይ ከሆኑ አውርዷቸው። መድረኩ ውስጡ ባዶ እንጨት ከሆነ ሥሩ የአሸዋ ከረጢት ይገባበት። ይህን በሰባት ሰዓት ተኩል ሌሊት፣ ሰው እየጨፈረ ማድረግ አይቻልም።

ሄድሼል ላይ ሳንቲም መለጠፍ

መርፌ ሲዘል ሳንቲም ለጥፍ የሚል አስተማሪ ካገኛችሁ ሽሹ። ክብደት የሚስተካከለው እንዲህ ነው፦ አንቲስኬቲንጉን (ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚያደርገውን ቁልፍ) ዜሮ አድርጉ፤ የኋላውን ክብደት ክንዱ አግድም እስኪንሳፈፍ ድረስ አዙሩ፤ ክብደቱን ይዛችሁ ቁጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አምጡ፤ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አዙራችሁ መርፌው በሚፈልገው ግራም ላይ አቁሙ። ለኦርቶፎን ኮንኮርድ ኤምኬ2 ሚክስ መርፌ 3 ግራም ነው። በመጨረሻው ደረጃ ቀለበቱን ብቻ የሚያዞሩ ብዙ ናቸው፤ ቁጥሩ 3 ይላል፣ ክንዱ ግን ዜሮ ላይ ነው። ከሚገባው በላይ መጫን ቦዩንና መርፌውን ይበላል። ማቅለልም አያድንም፤ መርፌው በቦዩ ግድግዳዎች መካከል እየተንገጫገጨ ሸክላውን ይቧጭራል። የክለብ መርፌ አትመኑ። ሁለት የራሳችሁን ከአንድ መጠባበቂያ ጋር ያዙ።

ቢት ማጋጠምን በእጅ ብቻ መሞከር

ቢት ማጋጠም የሁለት ሸክላዎች ከበሮ አብሮ እንዲመታ ማድረግ ነው። እጅ የሚያስተካክለው ቦታን ነው፤ ፍጥነትን የሚያስተካክለው ፒቹ ነው። ሁለቱ ሸክላዎች 0.1 በመቶ ብቻ ቢለያዩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 60 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ፤ ያ ደግሞ ከበሮውን እንደ ፈረስ ኮቴ ያደርገዋል። ሳህኑን ደጋግሞ የሚገፋ ጀማሪ ምልክቱን እያከመ በሽታውን ይተዋል። አንዴ ግፉ፣ ወዲያው ፒቹን በፀጉር ስፋት ወደዚያው አቅጣጫ አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ስሙ።

የቤተሰብ ሸክላ አለን ብላችሁ በድሮ የአማርኛ ዘፈኖች ይህን አትለማመዱ። እዚያ ከበሮ የሚመታው ሰው ነው፤ ሲሞቀው ይፈጥናል። ለመጀመሪያ ወራት በከበሮ ማሽን የተሠራ፣ ፍጥነቱ የማይነቃነቅ ሙዚቃ ይሻላል።

ሒሳቡንም ቀድማችሁ ሥሩ። ፒቹ ወደ ላይም ወደ ታችም 8 በመቶ ሲሆን በደቂቃ 130 ቢት ያለው ሸክላ ከ119.6 እስከ 140.4 ይደርሳል፤ 124 ያለው ግን ከ134 አያልፍም። ቦርሳችሁ ውስጥ እስከ መጨረሻው የማይገናኙ ሸክላዎች አሉ ማለት ነው። ወደ 6 በመቶ ገደማ መቀየር ሙዚቃውን ግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ስለሚያደርገው ሁለት ቤዞች ሊጣሉ ይችላሉ። በደቂቃ በ33 ዙር የሚጫወተውን በ45 ማስነሳት ደግሞ 130ውን 175 ያደርገዋል፤ ፍጥነቱን በእርሳስ ሽፋኑ ላይ ጻፉ። መጨረሻ የሌላቸው ዙር ቦዮች ያሉበት ሸክላ ስትገዙም አንድ ቁጥር እወቁ፦ በ33⅓ አንድ ዙር 1.8 ሰከንድ ነው፣ አራት ቢት ሲገባበት 133.3 ይሆናል። ፒቹን ሳትነኩ ሌላ ፍጥነት አትጠብቁ።

እያንዳንዱ ሸክላ የተቀረጸበት ከፍታ ስለሚለያይ ትሪሙን (የሚክሰሩን የመግቢያ ድምፅ ቁልፍ) በየሸክላው አስተካክሉ፤ ቀዩ መብራት ጌጥ አይደለም።

ቦርሳና ጉዞ

አንድ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ከነሽፋኑ ከ200 እስከ 250 ግራም ይመዝናል። አርባ ሸክላ 9 ኪሎ ገደማ ነው፤ ብዙ አየር መንገዶች በእጅ የሚፈቅዱት ደግሞ 7 ወይም 8 ኪሎ። ወደ ጭነት ክፍል የላካችሁት ቦርሳ ባይደርስ ምን ታጫውታላችሁ? ሠላሳ ምረጡና ይዛችሁ ግቡ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ሸክላ ይጣመማል፤ ቀጥ ብሎ አይመለስም።

ከውጭ አገር በፖስታ የሚያስመጡ የአውሮፓ ልጆችም ይጠንቀቁ። እስከ 22 ዩሮ የነበረው የቫት ነፃነት ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተነስቷል፤ ከእንግሊዝ የሚመጣ ሸክላም ይከፈልበታል። በርሊን ያለ ሰው ከ1989 ጀምሮ ያለው የሸክላ መደብር ሃርድ ዋክስ ሄዶ እየሰማ መግዛት ይችላል።

ግብዣ ሲመጣ “ሁለት ማጫወቻ አዘጋጁ” ብሎ መመለስ ስንፍና ነው። ሞዴሉን፣ የንጣፉን ነገር፣ የሞኒተሩን ቦታ፣ የመፈተሻ ሰዓቱን ጻፉ፤ ክፍያውንና ቪዛውንም በዚያው ደብዳቤ ጨርሱ። መክፈቻ ሰዓት ተሰጥቷችሁ በባዶ ቤት 140 የምታጫውቱ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ እንደማትጠሩ እወቁት።

የራስን ሸክላ ማሳተም

ባለ 12 ኢንች በ45 ሲቆረጥ በአንድ ገጽ 10 ደቂቃ ገደማ ጮክ ብሎ ይይዛል። ከዚያ በላይ ስታጭቁ ቦዩ ይጠባል፣ ድምፁ ይወርዳል። ቤዙን ሞኖ (በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት) አድርጉ፤ በግራና በቀኝ የተበተነ ቤዝ መርፌ ያዘልላል። የሙከራው ህትመት ሲደርሳችሁ ሁሉንም ቅጂዎች በክለብ ማጫወቻ ስሙ። ጫጫታው በሁለት ቅጂዎች ላይ እዚያው ቦታ ከተሰማ ጥፋቱ ማተሚያው ላይ ነው፣ ፋብሪካው እንዲያስተካክል መልሱት። በአንዱ ብቻ ከሆነ የዚያ ቅጂ ጉድለት ነው፤ ህትመቱ ይቀጥል።