ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም

ከአቃቂ ወጣ ብሎ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ለምንጠቀምባት አሮጌ የዓሣ ጀልባ ያገለገለ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተገዛ። ነዳጅ ሲሰጠው፣ በተለይ ስንታጠፍ፣ በድንገት ይጮሃል፤ ጀልባዋ ግን ባለችበት ትንሳፈፋለች።

ካንዴላ ቀየርን፣ ካርቡራተሩን አጠብን፣ የነዳጅ ቱቦና ማጣሪያ ለወጥን። ምንም ለውጥ የለም። በፕሮፔለሩ (ውሃውን እየገፋ ጀልባዋን የሚያስኬደው ተሽከርካሪ) መሃል ያለው ጎማ ይንሸራተት እንደሆነም በቀለም ምልክት አድርገን አየን፤ ምልክቱ አልተነቃነቀም።

መልሱ የተገኘው በሜትር ስንለካ ነው። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሳንቃ ከፍታው 51 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የሞተሩ እግር ግን ለ38 የተሠራው አጭሩ ዓይነት ነበር። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ማለት ሲገባው ከላይ ቀርቶ፣ ፕሮፔለሩ አየር ይስብ ነበር። በረጅም እግር አስለወጥነው፤ ጩኸቱ በዚያው ጠፋ።

ቀጥሎ ደግሞ ጭነት ሲኖር ዙሩ መመሪያው ከሚለው በታች ሆነ። እዚህ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ነው፤ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ 15ቱ ወደ 12 ይወርዳል ማለት ነው። ትልቅ ሞተር ግዙ ያሉን ነበሩ፤ ክብደቱን ግን ያረጀ ሳንቃ አይችለውም። ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) በ2 ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ገጠምን፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ በደቂቃ 200 ዙር ያህል ይጨምራል። አሁን ዙሩ ልክ ነው።

ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ሳንቃውን በመዶሻ እጀታ አንኳኩት፤ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ በስብሷል።