አውቶካድ ላይ አንድ ሌይአውት ሠርቶ አምስት ማውጣት

አውቶካድ በሚባለው የንድፍ ሶፍትዌር ጂ ፕላስ 4 ቤት (ምድርና አራት ፎቅ) እየነደፋችሁ ነው እንበል። የወለል ፕላኑ ብቻ አምስት ሺት (የሚታተም ገጽ) ነው። ጣሪያው፣ ኤሌቬሽኑ (የውጭ ገጽታው) እና ሴክሽኑ (የውስጥ ቁርጡ) ገና አልተቆጠሩም። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ከባዶ የሚያዘጋጅ ሰው ዛሬም ያጋጥመኛል። ታይትል ብሎክ (የሺቱ ስም የሚጻፍበትን ሠንጠረዥ) ያስገባል፣ ቪውፖርት (ንድፉ የሚታይበትን መስኮት) ይከፍታል፣ ስኬል ይሰጣል። ሲጨርስ ቀጣዩ ሺት ላይ እንደገና ከሀ ይጀምራል። አውቶካድ 2000 ከወጣ ወዲህ ግን በአንድ ፋይል ውስጥ ብዙ ሌይአውት፣ ማለትም ብዙ የኅትመት ገጽ፣ መያዝ ይቻላል። አንዱን በደንብ ሠርቶ ማባዛት ነው።

ማባዛቱ የሁለት ሴኮንድ ሥራ ነው። ጊዜ ሊወስድባችሁ የሚገባው የመጀመሪያው፣ እኔ እናት ሺት የምለው ነው። እሱ ላይ ያለ ስህተት አብሮ ይባዛላ!

እናት ሺቱን ለመሥራት ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን የሌይአውቱን ታብ ቀኝ ክሊክ አድርጉና ፔጅ ሴትአፕ ማኔጀር ውስጥ ግቡ። ፕሪንተሩንና ወረቀቱን ምረጡ፣ የፕሎት (የኅትመት) ስኬሉን 1፡1 አድርጉ፤ ንድፉን የሚያሳንሰው ቪውፖርቱ ነው። 20 ሜትር የሚረዝም ቤት በ1፡100 ወረቀት ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ኤ3 (297 በ420 ሚሊ ሜትር) ይበቃዋል። ታይትል ብሎኩን አስገቡ። ቪውፖርቱን ከፍታችሁ 1፡100 ስኬል ስጡት። የቪውፖርቱን መስመር ለብቻው ሌየር (የመስመሮች መደብ) ላይ አድርጉና ሌየሩ ፕሎት እንዳይሆን አድርጉት።

ከዚያ ቪውፖርቱን ቆልፉት። መርጣችሁት ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲስፕሌይ ሎክድ የሚለውን የስ ማድረግ ነው። አንድ ጊዜ ይህችን ረስቼ ጉድ ሆኛለሁ። ቪውፖርቱ ውስጥ ገብቼ የማውሱን ጎማ ትንሽ አዙሬ ስኬሉን ቀይሬው ኖሯል። ዓይን አያየውም። ፕላኑ ታትሞ ሳይት ከደረሰ በኋላ አንዱ በስኬል ሩለር ለክቶ ደወለልኝ፤ ግድግዳው ከተጻፈው ልኬት ጋር አልገጠመለትም።

አሁን አባዙ። ታቡን ቀኝ ክሊክ፣ ሙቭ ኦር ኮፒ፣ ከዚያ ክሪኤት ኤ ኮፒ የምትለዋን ሳጥን ምልክት ማድረግ። ይህቺን ከረሳችሁ ታቡ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይባዛም። አቋራጩ ደግሞ ኮንትሮልን ተጭኖ ታቡን ወደ ጎን መጎተት ነው። ሺፍት ተጭናችሁ ብዙ ታብ ከመረጣችሁ ሁሉንም ባንዴ ታባዛላችሁ።

የተባዛው ሺት ግን አሁንም ግራውንድ ፍሎሩን ነው የሚያሳየው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቪውፖርቱን ከፍቶ በእጁ እየጎተተ በግምት ያስቀምጠዋል። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ሞዴል (ንድፉ በእውነተኛ ልኩ የሚሣልበት ቦታ) ላይ ወለሎቹን በእኩል ርቀት እደረድራለሁ፣ ለምሳሌ በየ30 ሜትሩ ወደ ቀኝ። በተባዛው ሺት ላይ ቁልፉን እፈታና ቪውፖርቱ ውስጥ ሁለቴ ክሊክ አድርጌ እገባለሁ። ፓን (ማንሸራተቻ) የሚለውን ትእዛዝ ከፊቱ ሰረዝ አድርጌ (-PAN) እጽፋለሁ። መነሻ ነጥቡ 0,0 ሁለተኛው -30000,0 ነው፤ የምሠራው በሚሊ ሜትር ስለሆነ። ለሁለተኛው ፎቅ -60000,0 ይሆናል፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። ስወጣ መልሼ እቆልፋለሁ።

ጥቅሙን የምታዩት ኮንትሮልና ፔጅ ዳውን እየተጫናችሁ ከሺት ሺት ስታልፉ ነው። ሕንፃው ካለበት ንቅንቅ አይልም። አንድ ኮለን (ዓምድ) ከታችኛው ወለል ጋር ካልገጠመ ዘሎ ይታያችኋል። እኔ እንዲያውም ስህተት የምፈልገው እንደዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ ፕላን ከዚሁ ሺት ለማውጣት ስትፈልጉ የፈርኒቸሩን ሌየር ጠቅላላ አታጥፉት፤ ከሁሉም ሺት ላይ ይጠፋል። ቪውፖርቱ ውስጥ ሆናችሁ በሌየር ማኔጀር ቪፒ ፍሪዝ የሚለውን ተጠቀሙ። የሚጠፋው እዚያ ቪውፖርት ላይ ብቻ ነው። ሺቱን ስታባዙትም ይህ አብሮ ይሄዳል።

ስም ለመስጠት ታቡን ሁለቴ ክሊክ ማድረግ ይበቃል። እስከ 255 ፊደል ይቀበላል፣ ታቡ ላይ የሚታየው ግን የመጀመሪያው 31 ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን አስቀድሙ፦ «ኤ-01 ግራውንድ ፍሎር»። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻ ፋይናል» የሚል ታብ ያለበት ፋይል እጄ ሲገባ ከባለቤቱ ጋር መጣላት ያምረኛል። ቅደም ተከተሉን ለማስተካከል ታቡን ይዞ መጎተት ነው። የሞዴል ታብ ብቻ ካለበት ቦታ አይነሳም።

የሺቱን ስም ታይትል ብሎኩ ላይ በእጅ ከመጻፍ እናት ሺቱ ላይ በፊልድ (ራሱን በሚያድስ ጽሑፍ) ማስገባት ይሻላል። ሲስተም ቫሪያብል ውስጥ ሲታብ (CTAB) የሚለውን ምረጡ። ታቡ ስም ሲቀይር ጽሑፉም ይቀየራል። የድሮው ስም ካልለቀቀ ሬጅን (የማደሻ ትእዛዝ) በሉት።

እናት ሺታችሁን ሌላ ፋይል ውስጥ ለመጠቀም እዚያኛው ፋይል ላይ ታብ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፍሮም ቴምፕሌት በሉ፣ የድሮውን ፋይል ምረጡ። ሞዴሉን ትቶ ሌይአውቱን ብቻ ያመጣላችኋል።

ሲያልቅ ታቦቹን በሙሉ መርጣችሁ ቀኝ ክሊክ፣ ፐብሊሽ ሰሌክትድ ሌይአውትስ፣ ከዚያ ፒዲኤፍ። ከማተማችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩት፤ ሞዴሉ ሳይታሰብ ገብቶ ከሆነ አውጡት።