ክሎሪን የሚሸት ገንዳ ክሎሪን ያነሰው ገንዳ ነው
ገንዳው ዳር ሲደርሱ ሽታው አፍንጫ ከሰነፈጠ፣ ዋናተኞችም ዓይናቸው ቀልቶ ከወጡ፣ የተለመደው ፍርድ "ክሎሪን በዝቷል" የሚል ነው። ከዚያ ክሎሪን መጨመር ይቆማል። እባክዎ ይህን አያድርጉ! የሚሸተው በሥራ ላይ ያለው ክሎሪን አይደለም። ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ ክሎራሚን የሆነው ነው፤ እሱ ደግሞ ጀርም የመግደል አቅሙ በጣም ደካማ ነው። ክሎሪን ሲያቆሙበት ሽታው ይብሳል፣ ውሃውም መከላከያ ያጣል።

ፍርዱን ለአፍንጫ ሳይሆን ለመለኪያው ይተዉት። ጠቅላላውንና ነፃውን (ገና ያልተዋሃደውን፣ በሥራ ላይ ያለውን) ክሎሪን ለየብቻ ይለኩና ነፃውን ከጠቅላላው ላይ ይቀንሱ። ጠቅላላው 1.6፣ ነፃው 1.0 ሚሊ ግራም በሊትር ከሆነ 0.6 የሚሆነው ተጣምሮ ክሎራሚን ሆኗል። ይህ ልዩነት ከ0.4 ካለፈ ነፃውን ክሎሪን ወደ ልዩነቱ 10 እጥፍ፣ እዚህ ወደ 6 ማድረስ ነው። 1 ስላለ የሚጨመረው 5 ነው። ርዝመቱ 10፣ ስፋቱ 5፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 75 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ስለዚህ 375 ግራም ንጹሕ ክሎሪን፣ ማለትም 65 በመቶ ከሆነው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት 580 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። ፀሐይ ክሎሪንን ስለምታጠፋው ማታ ይጨምሩት፤ ፓምፑ ሲሠራ ይደር፣ መጠኑ ወርዶ በመለኪያ እስኪረጋገጥም ማንም አይግባ። ውሃውን ቢጫ የሚያደርገው ርካሽ ኪት የሚያሳየው ጠቅላላውን ብቻ ስለሆነ ለዚህ አይረዳም። ሮዝ ቀለም የሚሰጠውን፣ ዲፒዲ የሚባለውን ኪት ይጠቀሙ።

ዲፒዲም ቢሆን ያሳስታል። እንክብሉ ሲገባ ብልቃጡ ለቅጽበት ሮዝ ብልጭ ብሎ መልሶ ከነጣ፣ "ክሎሪን የለም" ብለው እንዳይጨምሩ። ክሎሪኑ እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ ቀለሙን አንጥቶታል ማለት ነው። አንድ እጅ የገንዳ ውሃ በአራት እጅ የተጣራ ውሃ በርዘው እንደገና ይለኩና ውጤቱን በ5 ያባዙ። በዚያ ሰዓት የፒኤቹም (የውሃው አሲድነት ልኬት) ንባብ አይታመንም።

ናሙና ከላይ ከላይ ወይም ውሃ ከሚገባበት ቧንቧ አጠገብ አይቀዳም፤ እጅን እስከ ክርን አጥልቆ ነው። ብልቃጡንም በጣት ከድነው አይናጡ።

ፒኤች ሳያስተካክሉ ክሎሪን መጨመር ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ፒኤች 7.5 ላይ ጀርም የሚገድለው የክሎሪን ዓይነት ከነፃው ግማሽ ያህሉ ነው፤ 8 ሲደርስ ወደ ሩብና ከዚያ በታች ይወርዳል። ከ7.2 እስከ 7.6 ይያዙት። ፒኤቹ አልረጋ ካለ አልካላይኒቲውን (ውሃው የፒኤች ለውጥን የመቋቋም አቅሙን) ይመልከቱ። ከ80 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ከሆነ፣ በሜትር ኩብ 17 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በ10 ከፍ ያደርገዋል።

ቀስ ብሎ የሚሟሟው ታብሌት፣ ትራይክሎር፣ ለጀማሪ ምቹ ይመስላል። ግን 10 ሚሊ ግራም በሊትር ክሎሪን በሰጠ ቁጥር 6 ገደማ ሲያኑሪክ አሲድ ትቶ ይሄዳል። ይህ አሲድ አይተንም። ከ30 እስከ 50 ሲሆን ክሎሪኑን ከፀሐይ ይጠብቃል፤ ከ100 ሲያልፍ ግን ያስረዋል። መለኪያው 3 እያነበበ ውሃው አረንጓዴ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ዋናው መፍትሔ ውሃ ቀንሶ በአዲስ መተካት ነው፤ ግማሹ ሲወጣ አሲዱም በግማሽ ይቀንሳል።

የትራይክሎርን ጭልፋ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ባልዲ ውስጥ ማስገባት እሳትና ፍንዳታ ያስነሳል። ይህን ሲጨርሱ የሚያነቡት ማስጠንቀቂያ አያድርጉት። ለየኬሚካሉ የራሱ ደረቅ ጭልፋ ይኑረው። አሲድና ክሎሪን ከተገናኙ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ነው። አሲድ ሲበርዙ ወደ ውሃው አሲዱን ያፈሳሉ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይደለም።

ኬሚካል የሚያስገቡ ትንንሽ ፓምፖች ካሉዎት ዋናው ፓምፕ ሲቆም አብረው መቆማቸውን ያረጋግጡ። ካልቆሙ አሲዱና ክሎሪኑ በረጋው ቧንቧ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ፓምፑ ሲነሳም ጋዙ ዋናተኛው ፊት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቆሞ የነበረ ፓምፕ ከማስነሳትዎ በፊት ሰዉን ከውሃው ያውጡ።